ለጥር ሰርጌ የውፍረት መቀነሻ መርፌ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

ሙሽሪት (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ? ቶሎ ምክር ፈልጌ ነው። ሰርጌ ጥር አጋማሽ ላይ ነው፣ ይኸው ጥቅምት ተጋመሰ። ቁመቴ 1.63፣ ኪሎዬ 92። ባለፈው ፒያሳ ቬሎ ልለካ ገብቼ ዚፑ ወገቤ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፣ ልጅቷ ከኋላዬ እየጎተተች «ትንፋሽሽን ያዢ» ትለኛለች። አንደኛዋ ሚዜዬ ከዱባይ ሰው ያመጣላት ኦዘምፒክ የሚባለው መርፌ አላት፣ እሷ ቀንሳለች፣ ደግሞም አምሮባታል። አሁን መርፌውን እየቀየርን አንዱን ፔን (መድኃኒቱ ያለበትን እንደ ብዕር ያለ መወጊያ) ለሁለት እንጠቀምበት እያለችኝ ነው። ስኳር የለብኝም፣ ጨጓራ ግን አለብኝ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን እወስዳለሁ፣ ከሰርጉ በኋላ ግን ቶሎ ለመውለድ ነው ሐሳባችን። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ከሰማች ቀጥታ ጠበል ነው የምትወስደኝ። የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ፣ ያሰጋል?

ፋርማሲስት ከአራት ኪሎ
እህቴ፣ ከፔኑ ልጀምር። አንድ ፔን ለሁለት ሰው በጭራሽ አይሆንም፣ መርፌው ቢቀየርም አይሆንም። ስትወጊ በዓይን የማይታይ ደም ወደ መድኃኒቱ ሊመለስ ይችላል፣ ሄፓታይተስም ሆነ ኤች አይ ቪ በዚያ መንገድ ሊተላለፍ ይችላል። ጓደኛሽን የማመንና ያለማመን ጉዳይ አይደለም።

ሌላው አመጣጡ ነው። ያልተከፈተ ፔን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት። በረዶ ከሠራ ይጣላል። ኦዘምፒክ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 56 ቀን ይቆያል። ሻንጣ ውስጥ ከሽቶና ከጫማ ጋር ታጭቆ የመጣው ስንት ዲግሪ ላይ እንደከረመ ማን ያውቃል? መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ምን እንደሚሆን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ፎርጅዱም አለ። በፈረንጆቹ 2023 ብራዚል፣ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ሐሰተኛ ኦዘምፒክ ተገኝቶ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ኦስትሪያ ውስጥ ደግሞ ኦዘምፒክ ነው ብለው የተወጉ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገብተዋል፣ ውስጡ ያለው ኢንሱሊን ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ነበር። ስለዚህ ፔኑ ስላማረ አትመኚው።

ቀጮ ነኝ
ምን መርፌ ያስፈልጋል ሙሽሪት! ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚና ዝንጅብል በሞቀ ውሃ፣ ማታ እንጀራ መተው፣ አለቀ።

ነርስ እናት
ቀጮ፣ ልጅቷ ጨጓራ አለብኝ እያለች ሎሚ በባዶ ሆድ ታዛለህ? በል ተወን።

ሙሽሪት፣ ሒሳቡን ልሥራልሽ። ቢኤምአይ የሚባለው፣ ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዘንበት ልኬት፣ ላንቺ ሲሰላ 34.6 ይመጣል። ከ30 በላይ ስለሆነ መድኃኒቱ ከሚታዘዝላቸው ሰዎች መካከል ነሽ፣ ስለዚህ «ለመዋብ ብላ ነው» የሚልሽን አትስሚ። እኔን ያሳሰበኝ የልጁ ነገር ነው። ሴማግሉታይድ (ኦዘምፒክም ዊጎቪም ውስጥ ያለው እሱ ነው) ከማርገዝሽ ቢያንስ 2 ወር በፊት መቆም አለበት። ጥር ላይ አግብተሽ ወዲያው ለመውለድ ካሰብሽ፣ ገና ሳትጀምሪው ልታቆሚው ነው ማለት ነው። ማውንጃሮ የሚባለው ሌላው የውፍረት መርፌ ይሻላል የሚልሽ ሰው ካለ ደግሞ ኪኒኑን አስቢ። ማውንጃሮ የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያ ጉልበት ይቀንሳል፣ ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለ4 ሳምንት ኮንዶም መጨመር ያስፈልጋል። ክንድ ላይ የሚቀበረውን አይነካውም።

ከቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር ያለበት አለ? ሜዱላሪ የሚባለው ዓይነት ካለ ይኼ መርፌ ክልክል ነው። ቆሽትሽ ወይም የሐሞት ከረጢትሽ ታሞ የሚያውቅ ከሆነም ቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ አልለቅ የሚል ሕመም ከመጣ «ጨጓራዬ ነው» ብለሽ እንዳትተኚ።

እትዬ የስኳሯ
ልጄ፣ እኔ የምወጋው ለስኳር ነው፣ ሐኪም አዞልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽንኩርት ሲቁላላ ከጓዳ ወጥቼ በረንዳ ላይ እቀመጥ ነበር፣ ሽታው ራሱ ያቅለሸልሸኛል። ግማሽ እንጀራ በልቼ እስከ ማታ ጥግብ። ሆድ ድርቀቱ ደግሞ አይጣል ነው፣ ውሃና ተልባ ካልሆነ አይላወስም። አንድ ሌላ የስኳር ኪኒን ነበረኝ፣ ሐኪሜ በግማሽ ቀነሰልኝ፣ አለበለዚያ ስኳሬ ወርዶ እወድቅ ነበር። ይኼን ሚዜሽ ታውቃለች? አታውቅም! ደግሞ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ የምትጾሚ ከሆነ በዚያች ትንሽ ምግብ ውስጥ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ካላስገባሽ ስቡ ብቻ ሳይሆን ጡንቻሽም ነው የሚሄደው። ሐኪሜ ይኼን ሲነግረኝ ቁጣ በሚመስል ድምፅ ነበር።

ቬሎ ሰፊ
ከሥራዬ አንጻር አንድ ነገር ልበል። ወር ሲቀረው ሰውነቷ የሚለዋወጥ ሙሽራ ስትመጣ ከሁሉ በላይ የምንሠቃየው እኛ ነን። ዚፑን ትተሽ ከኋላ በክር የሚታሰረውን ምረጪ፣ ብትቀንሺም ብትጨምሪም ይሆንሻል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ደግሞ በእግርሽ ነይ፣ ኮሪደሩ ከተሠራ ወዲህ መንገዱ ለእግር ተመችቷል።

ሙሽሪት (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ፔን መካፈሉ ቀርቷል፣ አሁን ደውዬ ነገርኳት፣ ትንሽ አኩርፋለች። ግን በትክክለኛው መንገድ፣ ሐኪም አዞልኝ ብጀምር ለጥር ይደርስልኛል? ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?

ፋርማሲስት ከአራት ኪሎ
አይደርስልሽም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለውፍረት የተፈቀደው ዊጎቪ በሳምንት አንዴ 0.25 ሚሊግራም ተብሎ ይጀመራል፣ ለ4 ሳምንት። ከዚያ 0.5፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 1.7፣ እያንዳንዱ 4 ሳምንት፣ በመጨረሻ 2.4። የመጀመሪያው መጠን ሰውነትሽን ማለማመጃ እንጂ መቀነሻ አይደለም። ጥር ሲደርስ ገና 1 ወይም 1.7 ላይ ነሽ፣ ምናልባትም እያቅለሸለሸሽ። ሰዎች ይቸኩሉና ደረጃ ይዘላሉ፣ ትውከቱ የሚብሰው ያኔ ነው።

በፈረንጆቹ 2021 በወጣው ትልቁ የዚህ መድኃኒት ጥናት ሰዎች በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል፣ ያንቺ ዓይነት ኪሎ ላለው ወደ 14 ኪሎ ማለት ነው። ግን በ68 ሳምንት ነው፣ ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር። መርፌውን ካቆሙ በኋላ በዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። አንቺ ደግሞ ለመውለድ ብለሽ ማቆምሽ አይቀርም።

ነርስ እናት
እኔ ብሆን አሁን የውስጥ ደዌ ሐኪም አያለሁ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ኮሌስትሮል፣ ደም ግፊት እታያለሁ። መርፌውን የመጀመሩን ጉዳይ ከወለድሽና ጡት ካስጣልሽ በኋላ ከሐኪሙ ጋር ታነሺዋለሽ። ለጥር የሚሆን ነገር ከፈለግሽ ለስላሳውንና የማኪያቶውን ስኳር ቁረጪ፣ ጨጓራሽም ያመሰግንሻል።

ሙሽሪት (ጠያቂ)
እሺ፣ ለሳምንቱ ቀጠሮ እይዛለሁ። ሚዜዬ ግን መወጋቷን ልትቀጥል ነው፣ እሷን ምን ልበላት?

ፋርማሲስት ከአራት ኪሎ
ካርቶኑን አውጥታ ባች ቁጥሩ (የምርት መለያው) ፔኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ትይ። ከተለያየ፣ ፊደሉ ከተሳሳተ ወይም ፈሳሹ ቀለም ካለው ወይም ከደፈረሰ አትወጋው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 ላይ ነጻ መስመር አለው፣ ትጠቁም። ኦፕራሲዮን ካለባት ለሰመመን ሰጪው መርፌውን እንደምትወስድ አስቀድማ ትንገር፣ ሆዷ ቶሎ ስለማይራገፍ። ያገለገሉትን መርፌዎች ደግሞ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ አትጣል፣ ወፍራም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አጠራቅማ ጤና ጣቢያ ትውሰድ።