እጄ የለመደውን የሰኮና አቆራረጥ እንዴት ልተው?

ጥያቄ (ባለ ጋሪ፣ ጎንደር አዘዞ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የጋሪ ፈረሴን ሰኮና የምቆርጠው ከአባቴ ባየሁት መንገድ ነው። ሦስት ወር ያህል እስኪረዝም እጠብቃለሁ፤ ከዚያም ሥሩን፣ ማለት ከሰኮናው በታች ያለውን ንጣፍ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት እስኪለመጥ ድረስ እልጠዋለሁ፤ መሐል ያለውን ለስላሳውን ክፍልም ለማሳመር እጠርበዋለሁ። በቆረጥሁ ቁጥር ፈረሱ ለአራትና ለአምስት ቀን ኮረት ሲረግጥ ያነክሳል። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ቢላዋ ስይዝ እጄ ወደ ለመደው ይመለሳል።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)፦ ወንድሜ፣ ለማነከሱ ዋናው ምክንያት ሥሩን መላጥዎ ይመስለኛል። ያ ንጣፍ በውስጥ ያለውን አጥንትና ደም ሥር ከድንጋይ የሚጋርድ በመሆኑ፣ በራሱ ከሚፈረፈረው በቀር ሊነካ አይገባውም። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ለስላሳ ክፍልም እግሩ መሬት ሲመታ ጫናውን ስለሚያለዝብ፣ የተንጠለጠለ ቁራጭ ወይም በክረምት ጭቃ በስብሶ የሚሸት ነገር ከሌለበት ይተዉት። ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ማንሣት ይሻላል። አሁን እስኪሻለው ጋሪ አይጎትት፤ ሰኮናው ከሞቀ ወይም እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ ካቃተው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት።

መልስ (የቀድሞ ባለ ጋሪ)፦ እኔን ከዚሁ ልማድ ያላቀቀኝ ቢላዋውን ለሁለት ዙር ቤት ትቼ በሞረድ ብቻ መሥራቴ ነው፤ ሞረድ እንደ ቢላዋ ጠልቆ ስለማይገባ እጅ ሳይወድ በግዱ ይታገሣል። ሌላም ልብ ያላልሁት ስሕተት ነበረብኝ፦ የምሞርደው ሁልጊዜ በቀኝ እጄ ስለነበር አንዱ ወገን ከሌላው ያንስ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ሞርደው እግሩን ደልዳላ መሬት ላይ ያስቁሙና ከፊት ለፊት ይመልከቱት፤ እንደ ገና አንሥተው ደግሞ ቀጥ ያለ እንጨት በተረከዞቹ ላይ አጋድመው ይለኩ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ፈረሱ ግን በማግስቱ ደኅና ሆኖ ይሄዳል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፊቱ ጫፍ እጅግ ረዝሟል፤ በአንድ ቀን ልጨርሰው?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)፦ አይጨርሱት። ጫፉ ሲረዝም ተረከዙም አብሮ ወደ ፊት ስለሚሳብ፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ጥቂት እየሞረዱ ወደ ኋላ ይመልሱት። ከጠጉሩ ሥር የሚበቅለው አዲስ ሰኮና ጫፍ ለመድረስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጅበታል፤ በየዙሩ ከጎን ፎቶ ያንሡትና ያስተያዩት።