እንግሊዝ የገባ ጎበዝ ተጫዋች መጀመሪያ ላይ ለምን ይጠፋብናል?

የጦሳ ስር ልጅ (ደሴ)

ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ? ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ጨዋታ እያየን ክርክር ተነሳ። ይኸው ሦስት ቀኑ፣ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ኳስ የገባችሁ ሰዎች ፍረዱኝ ብዬ ነው የመጣሁት።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። በብዙ ሚሊዮን ከውጭ ሊግ የመጣ አንድ ልጅ ኳስ ሲቀማ፣ ሲገፋ ሲወድቅ፣ ዳኛው ደግሞ ዝም ሲለው አየሁና «ይሄማ ብር መጣል ነው፣ ይመልሱት» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አጎቴ አጠገቤ ነበር። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፣ ኳስን ግን ቴሌቪዥን በየቤቱ ሳይገባ ጀምሮ ነው የሚከታተለው። ዞር አለና «አንሪንም ያኔ ብታየው እንዲህ ትለው ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰም።

አንሪ ሲመጣ እኔ ገና ዳዴ እል ነበር። ቤት ገብቼ ሳጣራ አጎቴ ልክ ነው። ቴሪ አንሪ በ1999 ነው ከጁቬንቱስ የመጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ጣሊያን ውስጥ ክንፍ ላይ ነበር የሚያጫውቱት፣ የአርሰናሉ አሰልጣኝ ቬንገር አምጥቶ መሀል አጥቂ አደረገው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች ምንም ጎል አላገባም። ከዚያ ሳውዝሃምፕተን ላይ ተቀይሮ ገብቶ አንዷን አገባ፣ ሲዝኑን በ26 ጎል ጨረሰ። በርካምፕም በ1995 ከኢንተር ሲመጣ ሰባት ጨዋታ ያለ ጎል ነው የሄደው። እሱም የከፈተው ሳውዝሃምፕተን ላይ ነው!

ግን ያልተሳካላቸውም አሉ። ቬሮን ከላትሲዮ በ28 ሚሊዮን ፓውንድ ማንቸስተር ዩናይትድ መጣ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ተሸጠ። ሼቭቼንኮ የ2004 የባሎንዶር (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) አሸናፊ ሆኖ ቼልሲ ገባ፣ በሊጉ ያገባው 9 ጎል ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ኳስ አይችሉም ማለት አይቻልም። ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው? ብርዱ ነው? ዳኛው ነው? ወይስ እኛ ነን መታገስ ያቃተን?

አንድ የምጨምረው አለ። ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፣ ክንፍ ላይ ይጫወታል። በሚቀጥለው ሳምንት ከደሴ ወጥቶ ቆላ ከተማ ወደሚገኝ የአንድ ክለብ ታዳጊ ቡድን ሊሄድ ነው። ለሱ ምን ብዬ እንደምነግረው ስለማላውቅ ጭምር ነው የምጠይቀው።

የቦርከናው አሰልጣኝ (ኮምቦልቻ)

ሸጋ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ከሥራ መልስ ታዳጊዎች አሰለጥናለሁ፣ ከማየው ተነስቼ ልንገርህ።

ሰው ሁሉ ፍጥነት ፍጥነት ይላል። ፍጥነቱ አለ፣ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ዳኛው ነው ባይ ነኝ። ስፔን ወይ ጣሊያን ውስጥ ጀርባህን ለተከላካይ ሰጥተህ ኳስ ስትቀበል ከኋላ ትንሽ ከነካህ ፊሽካ ይነፋል። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይህንን ለምዷል። ሰውነቱ ራሱ ፊሽካውን ይጠብቃል። እንግሊዝ ሲሄድ ያው ግፊያ ይመጣል፣ ይወድቃል፣ ዳኛው እጁን ዘርግቶ «ቀጥሉ» ይላል። እሱ መሬት ላይ ሆኖ ቀና ሲል ኳሷ በሌላ በኩል የራሱ በረኛ ጋ ደርሳለች። ያችን ግማሽ ሰከንድ ከሰውነቱ እስኪያወጣት ድረስ ደካማ ይመስላል። ደካማ ሆኖ አይደለም።

የማንቸስተር ዩናይትዱን በረኛ ዴ ሄያን አስታውሱት። በ2011 ከአትሌቲኮ ማድሪድ ሲመጣ 20 ዓመቱ ነበር፣ ቀጭን፣ ረጅም። የመጀመሪያው ጨዋታ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር የኮሚዩኒቲ ሺልድ ዋንጫ ነበር፣ ሌስኮት በቴስታ አገባበት፣ ጄኮ ደግሞ ከሩቅ መትቶ። በሳምንቱ ዌስት ብሮም ላይ የሼን ሎንግ ኳስ፣ ያቺ ቀላል ኳስ፣ ከእጁ ስር ሾልካ ገባች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቡድን ነገሩ ገባው። ኮርና ሲመታ ሁለት ሦስት ሰው እላዩ ላይ ይቆማል፣ በክርን፣ በዳሌ፣ እጁን እንዳያነሳ። ስፔን ቢሆን ፋውል ነው። ጋዜጣው ሁሉ «ተሳስተው ነው የገዙት» ብሎ ጻፈ። እሱ ጂም ገባ፣ ሰውነቱን ገነባ፣ መቼ ወጥቶ በቡጢ እንደሚመታ መቼ መስመሩ ላይ እንደሚቀር ተማረ። በኋላ የክለቡ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች አራት ጊዜ ሆኗል። ልጁ ያው ልጅ ነው።

ሌላው የጨዋታው ብዛት ነው። በብዙ ሌላ ሀገር ተጫዋቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ ጋ ሄዶ ያርፋል። እንግሊዝ ደግሞ በዲሴምበር 26 ሰሞን ሜዳ ላይ ነው፣ ከዚያም በጥቂት ቀን ልዩነት ይደጋገማል። አዲስ የመጣ ሰው እግሩ የሚከዳው ያን ጊዜ ነው። ደጋፊው ደግሞ ልክ በዚያን ሰሞን ነው የሚፈርድበት።

ሐረጎ ላይ (ደሴ)

አሰልጣኝ፣ ብርዱን አልፈኸው ሄድክ። ከኮምቦልቻ በቲሸርት ተሳፍሮ የሐረጎን ዳገት ጨርሶ ደሴ ሲገባ ጃኬት የሚፈልግ ሰው ብርድ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ ያውም ለሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ። ከብራዚል ወይ ከምዕራብ አፍሪካ የሄደ ልጅ በታኅሣሥ ሰሞን ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ሳይሞላ የሚጨልምበት ሀገር ሲገባ እንዴት አይከፋውም? ለኔ ብርዱና ጨለማው ትልቅ ነገር ነው።

የቦርከናው አሰልጣኝ (ኮምቦልቻ)

ይከፋዋል፣ አልክድም። ግን አጉዌሮ አርጀንቲናዊ ነው፣ ከማድሪድ ነው የመጣው፣ በ2011 ለሲቲ የመጀመሪያ ጨዋታው ስዋንሲ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አገባ። ብርዱ ብቻውን ቢሆን እሱንም በያዘው ነበር።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

አሰልጣኝ በነሐሴ ብርድ የለማ! አጉዌሮ ያገባው ኦገስት ላይ ነው። ቢሆንም ሐሳብህ ይገባኛል።

እኔ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። እዚህ ሁላችሁም ስለ ሜዳው ታወራላችሁ፣ ስለ ቤቱ ማንም አላነሳም። ዲ ማሪያን ላንሳ። በ2014 ከሪያል ማድሪድ ወደ 60 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ መጣ፣ ያኔ ለእንግሊዝ ክለቦች ሪከርድ ነበር። አጀማመሩን የረሳችሁ ካላችሁ፣ ሌስተር ላይ በበረኛው አናት ቀስ አድርጎ ያሳለፋትን ኳስ እዩ። ማንም ያላገባት ዓይነት ጎል ናት። ከዚያ በ2015 መጀመሪያ ላይ ቤተሰቡ ውስጥ እያለ ሌቦች ቤቱን ሊሰብሩ ሞከሩ። ሚስትና ትንሽ ልጅ አለው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ወደ ፓሪስ ሄደ፣ እዚያ ደግሞ ለዓመታት ሲያብረቀርቅ ኖረ። ኳሱማ የትም አልሄደበትም ነበር።

ይህንን የምለው ስለማውቀው ነው። ደሴ ለሥራ የመጣሁ ጊዜ፣ ሰው አላውቅም፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። በሁለተኛው ወር በሬን ሰብረው ገቡ። የወሰዱት ብዙ አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ውሃ የሞላ ጀሪካን በሩ ላይ አስደግፌ ነበር የምተኛው። ድመት ስትዘል እነቃለሁ። ሥራዬ ደግሞ ገንዘብ መቁጠር ነው። በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ አጉድዬ ከደመወዜ ተቆርጧል። አለቃዬ «ጎበዝ ናት ብለውን ነበር» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጎበዝ ነበርኩ ወላሂ። እንቅልፍ ነው ያጣሁት። አከራዬ እትዬ ልጃቸውን ከኔ ጋር ማሳደር ሲጀምሩ ነው ልቤ ያረፈው፣ ከዚያ በኋላ አንድ ብር አልጎደለብኝም።

አንድ ተጫዋች ሲያቅተው ሳይ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሚስቱ ጎረቤት አላት ወይ፣ ልጁ ትምህርት ቤት የሚያዋራው አገኘ ወይ ብዬ ነው። የጦሳው፣ ለወንድምህም ከሁሉ በፊት ማን ጋ እንደሚያድር አጣራለት።

ሰማያዊ ለዘላለም (ኮምቦልቻ)

እህቴ የጻፍሽው ልቤን ነካው። አብሽሪ፣ አልፏል።

እኔ ግን ሌላ ነገር ልጨምር፣ የቼልሲ ደጋፊ ስለሆንኩ ያቃጠለኝ ነገር ነው። ስለ እንግሊዝ መልመድ ስናወራ ቶሬስን የት እናስቀምጠው? በ2007 ሊቨርፑል ገባ፣ በመጀመሪያው ሲዝን በሊጉ ብቻ 24 ጎል። ዳኛውን ለምዷል፣ ዝናቡን ለምዷል፣ ቋንቋውን ለምዷል። በጃንዋሪ 2011 በ50 ሚሊዮን ፓውንድ እኛ ጋ መጣ። ሀገሩ ያው ነው፣ ሊጉ ያው ነው። ከ900 ደቂቃ በላይ ያለ ጎል ቆየ!

የመጀመሪያዋን ጎሉን አልረሳትም። ዌስትሃም ጋር፣ ዝናቡ ወርዶ ሜዳው ውሃ ቋጥሯል፣ ልክ ሐምሌ ላይ የደሴው ሆጤ ሜዳ እንደሚሆነው። ኳሷ ወደሱ ስትሄድ ውሃው ያዛትና ቆመች። እሱ አልፏት ሊሄድ ነበር፣ ዞር ብሎ ተመለሰና መታት። ስትገባ የቡድን ጓደኞቹ በሙሉ እላዩ ላይ ተከመሩ። ያየነው ቤት ውስጥ የሌላ ቡድን ደጋፊዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። የሚያሳዝነኝ ያቺ ጎል ነገሩን አለመለወጧ ነው። በሊጉ 110 ጨዋታ ተጫውቶልን 20 ጎል ነው ያለው። በእርግጥ ኖ ካምፕ ላይ ባርሴሎናን ያስጨረሰባትን ጎል እስክሞት አመሰግነዋለሁ።

ለምን ሆነ? ጉልበቱ በ2010 ሁለቴ ተቀዶ ስለነበር ያ አንዱ ነው። ትልቁ ግን፣ ሊቨርፑል ጄራርድ ቀና ሲል ቶሬስ ሮጧል፣ ኳሷ ከተከላካዮቹ ጀርባ ትወድቅለታለች። እኛ ደግሞ ለድሮግባ የተሠራ ቡድን ነበረን። ኳስ በደረት አብርዶ፣ ሁለት ተከላካይ ተሸክሞ የሚቆም ሰው ነበር የለመድነው። ተጋጣሚ ሜዳችን ስታምፎርድ ብሪጅ ሲመጣ ወደ ኋላ ሰብሰብ ብሎ ይከላከላል፣ የሚሮጥበት ሜዳ የለም። ስለዚህ የሚለመደው እንግሊዝ አይደለም እላለሁ፣ ቡድኑ ነው። ቡድኑም ተጫዋቹን መልመድ አለበት፣ ይህንን ግን ማንም አይጠይቅም።

ሳላህን ተመልከቱ። በ2014 ከባዝል እኛ ጋ መጣ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ አረጀ። ፊዮረንቲናና ሮማ ሄዶ በ2017 ሊቨርፑል ሲመለስ በመጀመሪያው ሲዝን 32 የሊግ ጎል። ዴ ብሩይነንም እኛው ነን ለቮልፍስቡርግ የሸጥነው፣ ከዚያ ሲቲ ጋር ስድስት ጊዜ ሊጉን በላ። ሁለቱም እንግሊዝ ከበዳቸው ተብሎ ነበር። የከበዳቸው የኛ ወንበር ነው።

የጦሳ ስር ልጅ (ደሴ)

አላህ ይስጣችሁ፣ እንዲህ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። የሰኞ ገበያዋ፣ የት እንደሚያድር ጠየቅኩት፣ አላወቀውም። ዛሬ ማታ አጎቴ ደውሎ ሊያጣራ ነው።

አሰልጣኝ፣ አንድ ልጠይቅህ። የመጀመሪያው ጨዋታ ቢበላሽበትስ? ልጁ ሆደ ባሻ ነው። አንድ ቀን ከተሰደበ ሳምንት ሙሉ ምግብ አይበላም።

የቦርከናው አሰልጣኝ (ኮምቦልቻ)

ይበላሽበታል። ከወዲሁ ንገረው። ተከላካዩ ኤቭራ በጃንዋሪ 2006 ከሞናኮ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲመጣ የመጀመሪያ ጨዋታው የማንቸስተር ደርቢ ነበር፣ 3 ለ 1 ተሸነፉ፣ እሱን እረፍት ላይ ቀየሩት። አሰልጣኙ ፈርጉሰን አልሸጠውም። አስቀምጦ አሳየው፣ ከዚያ አምስት ጊዜ ሊጉን በላ። ቬንገርም አርሰናል ያመጣውን ፒሬስን በ2000 የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ሰንደርላንድ ጋር ወንበር ላይ ነው ያስቀመጠው፣ ሜዳ ላይ ያለውን ግብግብ እንዲያይ ብሎ። በ2002 ጋዜጠኞች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ብለው መረጡት። ስለዚህ ወንድምህ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ስልኩን አይነካካ፣ በሱ ቦታ የሚጫወተውን ልጅ ብቻ ይይ። ኳስ ከመድረሷ በፊት ስንት ጊዜ ዞሮ ያያል? ተከላካዩ ሲገፋው እግሩን የት ያስቀምጣል? ይህንን በደብተር ይጻፍ።

ባለፈው ዓመት ከአፋር በኩል የመጣ አንድ ልጅ ነበረኝ። እግሩ ማር ነው። ደሴ ለጨዋታ ስንወጣ ጠዋት ሜዳው ጤዛ ይዟል፣ ታኬታው ሁለት ቁጥር ይሰፋዋል፣ ሦስት ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ። ወላጆች ከዳር «አውጣው!» ይሉኛል። አላወጣሁትም። እረፍት ላይ ሁለት ካልሲ ደርቤ አለበስኩትና ጫማውን በደንብ አሰርኩለት። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሌላ ልጅ ነበር።

ወንድምህ የሚሄድበት ከተማ የማውቀው አሰልጣኝ አለ፣ ደግ ሰው ነው። ስልኩን ኢንቦክስ አድርጌልሃለሁ። ጫማውን ደግሞ ሳይሄድ እግሩ ላይ አስለካው፣ በግምት አትግዙለት።