የበገና ድምፅ ጥርት አድርጎ የሚያሰማ ኢርፎን ምረጡልኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከሁለት ኢርፎኖች አንዱን መምረጥ አቅቶኛል፤ ባለገመዱ ሙንድሮፕ ቹ 2 ወይስ ገመድ አልባው ሳምሰንግ ጋላክሲ በድስ ኤፍኢ?

አብዝቼ የምሰማው በገና ነው። አሁን ባለኝ ኢርፎን የእንዚራው ንዝረት፣ ያ ከአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረው ድምፅ፣ ከቤዙ ጋር ተደባልቆ ይታፈንብኛል። እኔ የምፈልገው እያንዳንዱ አውታር ተለይቶ እንዲሰማኝ ነው። በዚህ በኩል ልቤ ወደ ባለገመዱ ያደላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ገመዱም ስለሚነቀል ቢበጠስ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ግን ስልኬ የኢርፎን መሰኪያ ስለሌለው የታይፕ ሲ ማገናኛ ለብቻው መግዛት ይኖርብኛል።

ሳምሰንጉ ደግሞ የውጭ ጫጫታ ይቀንሳል። በብዛት የምሰማው ታክሲ ውስጥ ስለሆነ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን ጆሮዬ ነው፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው የኢርፎኑ ጎማ፣ መካከለኛው ትንሽ ከቆየ ያመኛል፣ ትንሹ ደግሞ ሾልኮ ይወጣል። ጎማው ካልገጠመ ደግሞ ቤዙ ይጠፋል። እንደኔ ጠባብ ጆሮ ያላችሁ፣ ከሁለቱ ለረጅም ሰዓት ቢደረግ ጆሮ የማያሳምመው የቱ ነው? በገና ወይም ክራር የሰማችሁበትስ አላችሁ? በጎማው ፋንታ ስፖንጅ የሞከረ ካለም እባካችሁ ንገሩኝ።