ለመጽሐፍ ፕሮፖዛል የቱን ምዕራፍ በናሙናነት ልላክ?

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ታሪክ ለሚያወሳ መጽሐፍ ፕሮፖዛል እያዘጋጀሁ ነው። አሳታሚው የሚጠይቀው የሁለት ገጽ መግለጫ፣ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ አንቀጽ ማብራሪያ ያለው ማውጫ፣ ከተቀራራቢ መጻሕፍት ጋር ንጽጽር፣ የታሰበው አንባቢ ማን እንደሆነና አንድ ናሙና ምዕራፍ ነው። ከናሙናው በቀር ሁሉም ተጠናቋል።

ምዕራፍ 1 ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 (እ.ኤ.አ.) ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከሰጡት የባቡር ሥራ ፈቃድ ይነሳል። ራሱን የቻለ ነው፤ ግን የውል አንቀጽና የገንዘብ ድርድር ይበዛበታል። ሌላ አሳታሚ «የመመረቂያ ጽሑፍ ይመስላል» ብሎ መልሶታል። የግርጌ ማስታወሻዎቹን ወደ መጨረሻ ባዛውርም አልፈጠነም፤ ምክንያቱም ቁፋሮው እስኪጀመር ድረስ አንባቢው የሚከተለው ሰው የለም።

ምዕራፍ 4 ግን ሕይወት አለው፦ ሐዲዱ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ ስትቆረቆር፣ ሠራተኛውና ነጋዴው ሲሰፍር። የመጽሐፉን ድምፅ በትክክል የሚያሳየው ይህ ይመስለኛል። እንቅፋቱ፣ መስመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው ለምን እንዳለፈ (ተራራውን መውጣት ውድ ስለነበር) የሚያስረዳው ምዕራፍ 3 መሆኑ ነው። አንድ ገጽ ማብራሪያ ከፊት ስጨምርበት መክፈቻው ይቀዘቅዛል፤ ስተወው ደግሞ ለታሪኩ እንግዳ የሆነ አርታኢ ግራ ይጋባል።

ለአሳታሚ ናሙና የላካችሁ ወይም የገመገማችሁ፣ ምዕራፍ 4ን ያለ ማብራሪያ ልኬ ክፍተቱን በማውጫው አንቀጽ ብሞላው ይሻላል ወይስ ምዕራፍ 1ን አሳጥሬ ልላክ?