"ጆሮ ያለው ሰው ትራንዚስተር አይገዛም"፦ ከሀዋሳ ሙዚቀኞች ግሩፕ

የሐይቁ ሊድ፦ ትናንት ስብሰባ ላይ ለመለማመጃ ቤቱ አምፕ፣ ማለትም የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ እንግዛ ተባለ፣ ደግ። መዋጮውም ሞልቷል። ግን "ጆሮ ያለው ሰው ትራንዚስተር አይገዛም" ብሎ ነገር ምንድን ነው? እዚያ ከተቀመጥነው ግማሻችን ጊታር የለመድነው በትራንዚስተር በሚሠራ አምፕ ላይ ነው። ቲዩብ በሚባል የሚግል የመስታወት ቱቦ ለምትሠራ፣ 5 ዋት ለሆነች፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር ሳጥን ያ ሁሉ ብር ሊወጣ ሲል ዝም ልበል?

ጋሼ ቲዩብ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። የፌንደር ቻምፕ ዓይነቷ ትንሽ አምፕ ውስጥ አንድ 12ኤኤክስ7 እና አንድ 6ቪ6 የሚባሉ ቲዩቦች ናቸው ያሉት። ከጊታሩ እስከ ስፒከሩ መንገዱ አጭር ነው። ለስለስ አድርገህ ስትነካት ጥርት ትላለች፣ ጠንከር ስትልባት ትሻክራለች። ማዘዣው ጣትህ ነው፣ ድምፅ መቀየሪያ ፔዳል አትረግጥም። ትዝታ ይዘህ የመጨረሻዋን ኖታ ስታስረዝማት አብራህ ታስረዝማለች። ትራንዚስተሩ ልኩ ሲሞላ ቁርጥ ያደርግብሃል።

ድራመሩ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ እኔ ስመታ ያቺን 5 ዋት የሚሰማው የማን ጆሮ ነው?

ጋሼ ቲዩብ፦ ቀስ ብለህ ምታ።

ድራመሩ፦ ይኸው! ገና አምፑ ሳይገዛ ጥፋተኛው ድራም ሆነ።

መዝሙር ቤት፦ ዋት ላይ ሰው ይሳሳታል። 50 ዋት ከ5 ዋት 10 እጥፍ አይጮህም፤ ልዩነቱ 10 ዴሲቤል ነው፣ ለጆሮ 2 እጥፍ ገደማ። ስፒከሩ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ይጠባል። እኛ ቸርች ትንሿን ፊቷ ማይክ አቁመን በሞንታርቦ ነው የምናወጣት፣ አዳራሹ ሞልቶ ይሰማል። ትልቁን ያመጣን ቀን ሳውንድ ላይ ያለው ልጅ "ቀንሱ" እያለ ነው አገልግሎቱ ያለቀው።

የሐይቁ ሊድ፦ እናንተ ሚክሰር አላችሁ፣ ማይክ አላችሁ፣ ሞንታርቦ አላችሁ። መለማመጃ ቤቱ ያለው አንድ ማይክ ነው፣ እሱም የዘፋኟ። ጆሮ ያላቸው ሰዎች ዓይንም ቢኖራቸው ጥሩ ነበር።

ክራረኛዋ፦ ለመሆኑ እኔ ክራሬን የት ነው የምሰካው? የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ያስቀረዋል። የክራሬ ጥራት ያለው እዚያ ነው። ጠበቅ አድርጌ ስመታ ደግሞ ይሻክርብኛል፤ አንቺሆዬ ጀምሬ ሮክ ሆኖ ያርፈዋል። ቤዝም ይሰካባታል ያላችሁ ካላችሁ ያቺ 8 ኢንች አትቆይም። አምፑ የአንድ ሰው ነው፣ መዋጮው የሁላችን። እዚህ ላይ መልስ የሰጠኝ የለም።

ጋሼ ቲዩብ፦ እህቴ፣ ላንቺ ሌላ ይገዛል።

ክራረኛዋ፦ በየትኛው ብር?

በያጁ፦ ሲበላሽ የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ ልናገር። ያገለገለ ከአሜሪካ በሻንጣ ይመጣል ከተባለ 120 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ረስቶ 220 ላይ የሰካ ሰው እኔ ጋ ይመጣል፣ ይዞ የሚመለሰው ግን ሳጥኑን ነው። ሁለተኛ መብራታችን። የ6ቪ6 ማሞቂያ ክር 6.3 ቮልት ይፈልጋል። ማታ ማታ መስመሩ 170 ሲወርድ ክሩ የሚደርሰው 5 ቮልት እንኳ አይሞላም። ያን ጊዜ አምፑ ይደክማል፣ ቶሎ ይሻክራል። አንዳንዱ "ሞቅ ያለ ድምፅ" የሚለው መብራት አንሶት ነው። እና ያለ ስታብላይዘር አታስቡት። የድሮዎቹ ቻምፖች ሬክቲፋየራቸውም፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው፣ ቲዩብ ነው፤ ክሮቹን ለማሞቅ ብቻ ወደ 15 ዋት ይሄዳል፣ ለምትሰሙት 5 ዋት። መብራት ሲጠፋ በኢንቨርተር እንቀጥላለን የምትሉ ይህን ያዙ። ሌላው፣ ስፒከሩ ተነቅሎ አይበራም፣ የአምፑን የውስጥ ትራንስፎርመር ያቃጥላል። ሞባይል የጠገነ ሁሉም እንዳይከፍተው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተሩ ላይ ከ300 ቮልት በላይ ሊቀር ይችላል።

ጋሼ ቲዩብ፦ ትራንዚስተሩን መብራት አይመታውም?

በያጁ፦ ይመታዋል። እዚህ ላይ ለእርስዎ ነው የምመሰክረው። ቲዩብ ሲሞት ነቅለህ ሌላ ትሰካለህ። የዘንድሮ ትራንዚስተር አምፕ ቦርዱ ከተመታ ብዙ ጊዜ መጣል ነው። የድሮው የቲዩብ አምፕ በእጅ የተበየደ ስለሆነ እያንዳንዱን ሽቦ ተከትዬ እደርስበታለሁ። አዲሶቹ የቲዩብ አምፖች ግን ብዙዎቹ እነሱም ቦርድ ላይ ናቸው፣ እንዳትሸወዱ።

የሐይቁ ሊድ፦ ነቅለህ ትሰካለህ ማለት ቀላል ነው። ከየት አምጥቼ? ዛሬ የጊታር ቲዩብ በዋናነት የሚሠራው ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ የጊታር ዓለም በሙሉ ተሯሯጠ። እኛ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ገበያ ወርጄ 6ቪ6 ብል አምፖል ነው የሚያወጡልኝ።

በያጁ፦ በሥርዓት ከተያዘ አንዱ ዓመታት ያገለግላል። በካልሲ ጠቅልሎ የሚያመጣ ዘመድ ደግሞ አታጡም።

የአዳማ እንግዳ፦ ከአዳማ ጣልቃ ልግባ። እኛ ጋ ይሄ ክርክር አልቋል። ልጁ ፔዳሉን ይዞ ይመጣል፣ ቀጥታ ሚክሰር ላይ ይሰካል። አምፕ የሚሸከም የለም።

ድራመሩ፦ የአዳማ ባንድ ሁሉ አንድ ዓይነት የሚሰማው ለካ ለዚህ ነው።

የአዳማ እንግዳ፦ ለገና መጥተን ያጫወትናችሁ ጊዜ እንደዚህ አላልክም። ሞንታርቦው ራሱ የኛ ነበር።

ድራመሩ፦ ሞንታርቦው ከሻሸመኔ ነው የመጣው!

የአዳማ እንግዳ፦ ጭነን ያመጣነው ማን ሆነና?

መዝሙር ቤት፦ ወንድሞች፣ ወደ አምፑ።

ጋሼ ቲዩብ፦ ሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ዘመኑ የቲዩብ ነበር። ዛሬ ፈረንጅ ሸክላውን በዶላር እየፈለገ የሚሰማው ያንን ነው። እኛ ግን "ዋቱ አነሰ" እንላለን።

የሐይቁ ሊድ፦ ጋሼ፣ ያኔ የጊታር አምፕ ሲባል በብዛት ቲዩብ ስለነበር ነው። ድምፁ የተጫዋቾቹ ነው። ሮላንድ ጄሲ-120 በ1975 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ትራንዚስተር ነው፣ ጥርት ያለ ድምፅ የሚፈልግ ስንቱ ጊታሪስት እስከዛሬ እሱን ይጠይቃል። እነዚያም ጆሮ የላቸውም?

ጋሼ ቲዩብ፦ ወደ 28 ኪሎ ነው እሱ። የመለማመጃ ቤቱን ደረጃ ተሸክመህ ስትወጣ አይሃለሁ።

የሐይቁ ሊድ፦ ለኪሎ መልስ ሰጡ፣ ለጆሮው ግን አልሰጡም።

ጋሼ ቲዩብ፦ ጆሮህ ደህና ነው። የሚሰማው ነገር አላገኘም ነው ያልኩት።

የሐይቁ ሊድ፦ ይሄ ደግሞ ከመጀመሪያው ባሰ።

መዝሙር ቤት፦ መካከለኛውን ብናይስ? 15 ዋት፣ 2 ኢኤል84 ቲዩብ፣ 12 ኢንች ስፒከር ያለው። ትራንዚስተር ለምትሉትም ድምፁ ቶሎ አይሻክርም፣ ድራሙንም ከሞላ ጎደል ይችላል።

ክራረኛዋ፦ ክራሩንስ?

መዝሙር ቤት፦ ክራሩን እንኳ...

ክራረኛዋ፦ እንግዲያው የኔን ድርሻ ለማይክና ለትንሽ ሚክሰር ብላችሁ መዝግቡልኝ። ማይክ ለማንም ይሆናል፣ ለጋሼ ትንሿ አምፕም ጭምር።

ጋሼ ቲዩብ፦ መዋጮው ለማይክ ተብሎ አልተሰበሰበም። ቃለ ጉባኤ አለ።

ክራረኛዋ፦ "ጆሮ ያለው" የሚለውም ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል?

ጋሼ ቲዩብ፦ ጸሐፊውን ጠይቂ። ድራመሩ ነው።

ድራመሩ፦ አልጻፍኩትም፣ ስስቅ አመለጠኝ። ደግሞም ቀስ ብዬ የምመታ ከሆነ የኔን ብር መልሱልኝ።

በያጁ፦ አንተ መቼ ከፈልክ?

ድራመሩ፦ የግንቦትን ከፍያለሁ።

በያጁ፦ የግንቦቱ ያንተኑ የድራም ቆዳ ለመቀየር ነበር።