እሺ ብሎ ከፈረመ በኋላ የሚጠፋ ሰው ምን ይሻለዋል?

ጥያቄ፦ የሐይቅ ዳሯ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ አንድ መካከለኛ ሆቴል ቅጥር የምይዘው እኔ ነኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ሰው አመለጠኝ። አንደኛው ከአዲስ አበባ የሚመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ፈተናውን አለፈ፣ በደመወዙ ተስማማን፣ የቅጥር ደብዳቤውንም ፈረመ። «የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዬን ጨርሼ እመጣለሁ» አለ። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛ አዘጋጅተን ብንጠብቅ ስልኩ ዝግ ነው። ሁለተኛዋ እንግዳ ተቀባይ ናት፣ የዚሁ ከተማ ልጅ። እሷ እንኳ «ይቅርታ፣ ሌላ ቦታ ገባሁ» ብላ ጽፋልኛለች።

አሁን ደግሞ ከጥምቀት በፊት ከጎንደር የሚመጣ ሼፍ አለ። ፈርሟል። እስኪጀምር ድረስ ምን ላድርግ? በየቀኑ እየደወልኩ ልጨቅጭቀው?

መልስ፦ የድሮ ቀጣሪ

እህቴ፣ በእነዚያ 30 ቀናት የሒሳብ ሠራተኛው ጋ ስንቴ ደወልሽ? ምናልባት አንዴም። አለቃው ግን በየቀኑ አጠገቡ ነበር። ጭማሪ ሲጠየቅ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል አለቃ መልቀቂያ ሲያይ ነው እጁ የሚፈታው። ስለዚህ ወደፊት የምትቀጥሪውን ሰው ገና ሳይፈርም «አለቃህ ደመወዝ ቢጨምርህስ?» ብለሽ ጠይቂው። መልቀቂያውን ያስገባ ቀን ደውዪ። ክሊራንሱ (ከነበረበት መሥሪያ ቤት ዕዳ እንደሌለበት የሚሰጠው ወረቀት) የት እንደደረሰም ጠይቂ፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚንገላታው። ደግሞ ሁልጊዜ አንቺ አትደውዪ። አብሮት የሚሠራው ኃላፊ ይደውል።

መልስ፦ ቆፍጣናው

ይሄ ሁሉ ልመና ለምን? ኦርጅናል ዲግሪውን ተቀብለሽ ቆልፊበት። የት ይሄዳል?

መልስ፦ የሕግ ሰው

ኧረ በፈጠረህ! በሰው ዲግሪ ማስያዣ አይሠራም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። በግድ ብታመጪውም በሳምንቱ ይሄድልሻል።

መልስ፦ አንድ ጊዜ የጠፋሁ

እኔ እንደዚያ ልጅ አድርጌ አውቃለሁ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ልናገር። ሥራውን ፈልጌው ነበር። ደብዳቤው ግን ደመወዝተኛ ዋስ ይላል፤ በከተማው የማውቀው ሰው የለም። ቤት ብፈልግ አከራዩ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፈል አለኝ። ለመሥሪያ ቤቱ ደውዬ ብነግራቸው «አሠራሩ ነው» ብለው ዘጉት። ከዚያ በኋላ አልመጣም ብሎ መደወል አፈርኩ። ስልኬን አጠፋሁ። ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ።

ግን የናንተ እኮ ሆቴል ነው! «ቤት እስክታገኝ አንድ ክፍል ይዘህ ሰንብት» ማለት ምን ያስከፍላችኋል? ዋሱንም ከዘመድ ቦታ፣ ከአዲስ አበባም ቢሆን ተቀበሉ።

መልስ፦ ፔዳ አካባቢ

የእንግዳ ተቀባይዋ ግን ይለያል። እዚሁ ያለች ልጅ ምን ያስጠብቃታል? ከፈተናው እስከ መጀመሪያዋ ቀን ስንት ቀን ነበር?

የሐይቅ ዳሯ

ሦስት ሳምንት። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን እስኪፈርም።

ፔዳ አካባቢ

በቃ፣ መልሱን ራስሽ ተናገርሽው። ሥራ ፈላጊ ሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ደብዳቤው የሚቆይ ከሆነ ቁርጡን ንገሪያት፦ «ሐሙስ ይፈረማል፣ ካልተፈረመ እደውልልሻለሁ»። ሁለተኛ የወጣውንም ሰው ቶሎ አታሰናብቺ። አንደኛው ገብቶ ሥራ እስኪጀምር በተጠባባቂነት እንዳለ በግልጽ ንገሪው። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌግራም አይደርስም፣ መደበኛ ስልክ ደውዪ።

የሐይቅ ዳሯ (ከአራት ቀን በኋላ)

አመሰግናለሁ፣ የድሮ ቀጣሪም ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራ አስኪያጁን ስለ ክፍሉ ለመንኩት፣ አንድ ወር ፈቀደ። ለሼፉ ይህን ስነግረው ለካ ጭንቀቱ የልጁ ትምህርት ቤት ነበር፤ ቤተሰቡን በሴሚስተሩ መጨረሻ ያመጣል። ምግብ ቤት ኃላፊያችን ደግሞ የሚገዙ ዕቃዎችን ዝርዝር ላከለትና አስተያየቱን ጠየቀው። ዛሬ ጠዋት ራሱ ደወለ። ለዓሣ ጥብስ ያሰባችሁት መጥበሻ ትንሽ ነው፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሙሉውን አይችልም፣ ሳይገዛ አስቁሙት አለኝ።