የቤት አልባዎችን ማደሪያ መንግሥት ይቆጣጠር? የእንግሊዝን ታሪክ ይዘን እንከራከር

ሸንጎ መሪ፦ ነገሩ የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቤት አልባ መንገደኞችን የሚያሳድሩ የድሆች ቤቶች ነበሩ። የሚያስተዳድሯቸው የየአካባቢው ግብር ከፋይ የመረጣቸው ባላደራዎች ናቸው። የማዕከላዊው መንግሥት ኢንስፔክተር መላኩ ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም?

ታዛቢ፦ ጠቀመ እንጂ! የአንዶቨር ከተማን የድሆች ቤት ጉድ ረሳችሁት? በ1845 የወጣ ነው። የድሆች ቤቱ ነዋሪዎች ለማዳበሪያ እንዲወቅጡ ከሚሰጣቸው አጥንት ላይ መቅኒ እየተሻሙ ይበሉ ነበር።

ኮስታራው፦ ቆይ፣ አንዶቨር ተቆጣጣሪ አልነበረውም እንዴ? ከ1834 ጀምሮ የድሆች ቤቶችን የሚቆጣጠር የመንግሥት ኮሚሽን ነበር። የድሆች ቤት ኑሮ ከተራው ሠራተኛ ኑሮ የባሰ ይሁን የሚለውም መመሪያ የዚያው የ1834ቱ ሕግ መንፈስ ነው። ጉዱ ሲወጣ ኃላፊነቱ አካባቢውን በሚቆጣጠረው የኮሚሽኑ ሰው፣ ረዳት ኮሚሽነሩ ላይ ተላከከ። በ1847 ኮሚሽኑ ፈርሶ ሌላ ቦርድ ተተካ። የቢሮ ስም ቢቀየር የተራበ ሰው ምን ጠቀመው?

ታዛቢ፦ ያ ክፉ ደንብ የፈቀደው ራሽን እንኳ ተሟልቶ አልደረሳቸውም። ታዲያ ይሄ የቁጥጥር መላላት ነው ወይስ የቁጥጥር መብዛት?

ጠበቃ ነኝ ባይ፦ ሁለታችሁም ገንዘቡን ዘለላችሁት። ለንደን ውስጥ አንድ ሰፈር ደህና ማደሪያ ከከፈተ የሌላው ሰፈር ቤት አልባ ሁሉ እሱ ላይ ይጎርፋል፣ ወጪውም የእሱ ነው። ስለዚህ በር መዝጋት ያዋጣ ነበር። ይሄን በስብከት አታስተካክሉትም። የ1864ቱ ሕግ ወጪውን ከከተማው የጋራ ካዝና እንዲተካ አደረገ፤ ግን ማደሪያው በመንግሥት ታይቶ ብቁ ሲባል ብቻ። ካልተሟላ ብር የለም! ኢንስፔክተር ጥርስ የሚያወጣው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሌሊት ወጪ፦ ጥርሱስ የታለ? ሕጉ ከወጣ በኋላ፣ በጥር 1866፣ ጄምስ ግሪንውድ የተባለ ጋዜጠኛ ቡትቶ ለብሶ ለንደን ውስጥ ላምበዝ በሚባል ሰፈር ማደሪያ አደረ። ብዙ ሰው የታጠበበት ገንዳ ውስጥ ግባ ተባለ። ውኃው ቀጭን የበግ መረቅ ይመስል ነበር ብሏል። ያደሩበት መጋዘን አንዱ ጎኑ ሙሉ ግድግዳ የለውም፣ አብዛኛው ሸራ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ያየውን የመንግሥት መዝገብ አላሳየንም። በቀን ቀጠሮ የሚመጣ ኢንስፔክተር የሚያየው የተጠረገ ወለል ነው።

ኮስታራው፦ ተባረክ! ደግሞ መጨረሻ ላይ ቁጥጥሩ ማን ላይ ዞረ? ቤት አልባው ላይ። በ1882ቱ ሕግ አንዴ የገባ ሰው በማግስቱ አይለቀቅም። እስከ ሦስተኛው ቀን ጧት 3 ሰዓት ይቆያል። ሥራ ፈላጊ ቀጣሪ በር ላይ መገኘት ሲገባው እዚያ ድንጋይ ይፈልጣል።

ጠበቃ ነኝ ባይ፦ እሱ የሕጉ ጥፋት ነው፣ የኢንስፔክተሩ አይደለም። ኢንስፔክተሩን ብታነሳ የሚቀርህ ግብሬ ጨመረ ብሎ በር የሚዘጋው ባላደራ ነው።

ሌሊት ወጪ፦ ይቆጣጠር እሺ። ግን ሳይናገር ይምጣ፣ በሌሊት። ማደሪያ የሚታየው ሰው ተኝቶበት ነው።

ታዛቢ፦ የተኙትን ሰዎችም ይጠይቅ፤ አለቃው በሌለበት።